የመታጠቢያ ቤት መብራትና ፋን፦ በምን ብናገናኛቸው ይሻላል?

ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ሻወር የወሰደ ሰው ያውቀዋል። መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል፣ ሴራሚኩ ያልበዋል፣ ፎጣው በማግስቱም አይደርቅም። ትንሽ ቆይቶ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ዝንብ ያረፈችበት ይመስላል። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ይጠፋል፣ በሳምንቱ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ይመለሳል። ሻጋታ ነው።

ስለዚህ ሰው አየር ማውጫ ፋን እየገዛ ነው። መግዛቱ ቀላል ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከገዙ በኋላ ነው፦ ፋኑ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይቁም፣ ማን ይዘዘው? ከመብራቱ ጋር ይታሰር ወይስ ለብቻው ይሁን? ቤታቸውን «ስማርት» ለማድረግ ለሚያስቡ ደግሞ ምርጫው ይበዛል። ሪሌይ (በትእዛዝ የምትበራና የምትጠፋ ትንሽ ማብሪያ) አለ፣ ሴንሰር አለ፣ አፕ አለ፣ ሁሉም ራሱን ምርጥ ነኝ ይላል።

አቋሜን ከፊት ልናገር። መብራቱ ፋኑን ቢያስነሳው ደስ ይለኛል። መብራቱ ፋኑን እንዲያጠፋው ግን አልፈልግም። መብራት የሚያስፈልገው ሰው እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። እንፋሎቱ ግን ሰውየው ፎጣ አገልድሞ ከወጣ በኋላም እዚያው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። ሁለተኛው መመዘኛዬ የአገራችን ነው፦ ኔትወርክ ሲሄድና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ፋኑ ራሱ ይችላል ወይ?

ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 100 ሚሊ ሜትር ፋን ነው። ይህ ዓይነቱ በሰዓት ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ አየር ያወጣል ተብሎ ይሸጣል። ስፋቱ 1.5 በ2 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ወደ 8 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። እንግዲህ ቁጥሩ እውነት ከሆነ በ20 ደቂቃ ውስጥ የክፍሉ አየር ሦስት አራት ጊዜ ይቀየራል ማለት ነው። ለአንድ ሻወር ይበቃል። ረጅም የተጠማዘዘ ቱቦ ከተቀጠለበት ግን ጉልበቱ በግማሽም ሊወርድ ይችላል።

ሁለት ነገር ካልተስተካከለ የትኛውም ስማርት ዕቃ አያድናችሁም። አንደኛ፣ ፋኑ የሚተፋው ወደ ውጪ መሆን አለበት። ወደ ኮርኒሱ ውስጥ የሚተፋ ፋን በየቤቱ ሞልቷል። እሱ እርጥበቱን አላወጣም፣ ቦታ ነው ያቀያየረው። ቺፑድ ኮርኒስ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ታች ሲንጠለጠል ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ ከበሩ ሥር አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። አየር ካልገባ አየር አይወጣም። በሩ ግጥም ብሎ የተዘጋበት ፋን ድምፁ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በጋዝ የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ ወይም ከጎን ባለው ክፍል ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ፣ ፋኑ ጭሱንና ጋዙን ወደ ሰው ሊስበው ይችላል። በውስጡ ያለው ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ይህን ሳታስተካክሉ ፋን አታስገቡ።

«ክረምት ላይ ውጪው ራሱ ውሃ ነው፣ እርጥብ አየር እያስገባን ምን ልናደርቅ ነው?» የሚል ክርክርም ሁልጊዜ ይነሳል። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም። በ12 ዲግሪ ላይ 90 በመቶ እርጥበት ያለው የደብረ ማርቆስ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ10 ግራም ያነሰ ውሃ ነው የያዘው። ቤት ገብቶ 18 ዲግሪ ሲደርስ ያው አየር ወደ 60 በመቶ ግድም ይወርዳል። ማድረቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ፋኑ በክረምትም ሥራ አለው። እንዲያውም ዋናው ወቅቱ ያኔ ነው።

አንድ ማብሪያ ለሁለቱ

አብዛኛው ቤት ያለው ይሄ ነው። ኤሌክትሪሻኑ የፋኑን ሽቦ ከአምፖሉ ጋር ይደርበዋል፣ አለቀ። መብራት ሲበራ ፋን ይነሳል፣ መብራት ሲጠፋ ፋን ይቆማል።

ርካሽ ነው። የሚበላሽ ነገር የለውም። ሻወር የሌለበት ሽንት ቤት ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ሻወር ባለበት ክፍል ግን ልክ በሚፈለግበት ሰዓት ይቆማል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ሽንት የመጣበት ሰው ቤቱን ሙሉ ይቀሰቅሳል። ሰው ሲሰለቸው መብራቱን አብርቶ ይተወዋል፣ ወይም ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ፋኑን ያስነቅለዋል። ፔንሲዮን ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። እንግዳው ታጥቦ ሲወጣ እጁ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው፣ ክፍሉ እንደረጠበ ይዘጋል፣ ቀጣዩ እንግዳ ሲገባ ሽታው ይቀበለዋል።

ባለ ሁለት ቁልፍ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጎ መለየትስ? ለብቻ ለሚኖር፣ ለማይረሳ ሰው ጥሩ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ፋኑ ወይ ጨርሶ አይነሳም ወይ ሲዞር ያድራል።

ሰዓት ቆጣሪው በፋኑ ሆድ ውስጥ ያለ

እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ይሄንን ነው፣ ስማርት የሚባል ነገር ባይኖረውም። ፋኑ ውስጥ ትንሽ ሰርኪዩት አለ። መብራቱ ሲበራ ይነሳል። መብራቱ ሲጠፋ ግን አይቆምም፣ የሞላችሁለትን ደቂቃ ይቆጥርና ራሱ ይቆማል። የፊት ክዳኑን ስትከፍቱ ከሽቦ ማሰሪያው አጠገብ በቀጭን መፍቻ የምትዞር ትንሽዬ ነገር አለች። ብዙዎቹ ከአንድ ሁለት ደቂቃ እስከ 30 ደቂቃ ይሄዳሉ። 15 ወይም 20 ላይ አድርጓት። ክዳኑን ስትከፍቱ ብሬከሩን ማውረድ እንዳትረሱ፣ ያ ፋን ሁልጊዜ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) አለው።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ተራ ፋን በሁለት ሽቦ ይሠራል። ይሄኛው ሦስት ይፈልጋል፦ ኑትራል (የመመለሻው ሽቦ)፣ ከማብሪያ ማጥፊያው የሚመጣ ፌዝ፣ እና ማብሪያው ቢጠፋም የማይጠፋ ቋሚ ፌዝ። ተሠርቶ ባለቀ ቤት ውስጥ ወሬው እንዲህ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሦስት ሽቦ ነው የሚፈልገው። እዚህ የተሳበው ሁለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወይ ግድግዳ እንቦረቡራለን፣ ወይ ቆጣሪውን ትተን ዝም ብለን ከአምፖሉ ጋር እናስረዋለን።»

ጋሼ ሴራሚኩን ያያሉ። ሴራሚኩ ገና አዲስ ነው። «እሰረው በቃ» ይላሉ፣ የተከፈለበት ቆጣሪ ያለ ሥራ ይቀራል።

ከመወሰናችሁ በፊት ከበሩ በላይ ያለችው ክዳን ያላት የሽቦ ሳጥን ትከፈት በሉ። ብዙ ጊዜ ቋሚው ፌዝ በእሷ በኩል ያልፋል። ከእሷ እስከ ፋኑ በኮርኒሱ ውስጥ አንድ ሽቦ መሳብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል። ከቦይለሩ መስመር ፌዝ መስረቅ ግን ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት። የቦይለር ብሬከር ትልቅ ነው፣ የፋን ሽቦ ቀጭን ነው። ፋኑ ቢያጥር ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ሊነድ ይችላል። ብዙ የፋን አምራቾች በ3 አምፒየር ፊውዝ በኩል እሰሩ የሚሉት በከንቱ አይደለም።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ውበቱ ዋይፋይ አለማወቁ ነው። መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ኢንተርኔት ለወር ቢጠፋ፣ ራውተር ቢቀየር፣ ጉዳዩ አይደለም። ድክመቱ አለማሰቡ ነው። እጁን ለመታጠብ ለአንድ ደቂቃ የገባውም፣ ለግማሽ ሰዓት በሙቅ ውሃ የታጠበውም፣ እኩል 20 ደቂቃ ነው የሚሰጣቸው።

ሪሌይ ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ

ወደ ስማርቱ ስንገባ ይሄ ነው ጥሩው በር። የክብሪት ሳጥን የምታህል ሪሌይ ናት። ከግድግዳው ሳጥን ውስጥ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ኋላ ትደበቃለች። ማብሪያው እንደ ድሮው ይሠራል፣ እናታችሁ ምንም አዲስ ነገር መማር የለባቸውም። ይህ ነጥብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስልክ ብቻ የሚበራ መብራት የቤት ጠብ ነው።

የሚፈለገው ባለ ሁለት ቻናሉ ነው፣ አንዱ ለመብራት አንዱ ለፋን። ሸሊና ሶኖፍ የሚባሉት ብራንዶች ሁለቱም አላቸው። ከሁለቱ ለዚህ ሥራ ወደ ሸሊ አደላለሁ። ምክንያቴ ሕጉን በራሱ ሆድ ውስጥ መያዝ መቻሉ ነው። ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ሸሊዎች ትንሽ ስክሪፕት (ተጽፎ የሚሰጣቸው የትእዛዝ ዝርዝር) ራሳቸው ላይ ያስኬዳሉ። ስክሪፕት የማትወዱ ከሆነ ደግሞ «አንደኛው ቻናል ሲጠፋ ሁለተኛውን ለ15 ደቂቃ አስነሳ» የሚል ትእዛዝ ዕቃው ለራሱ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሶኖፍም ከተነሳ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን የሚያጠፋበት ማስተካከያ አለው። ሁለቱን ቻናል በሕግ ለማስተሳሰር ግን አብዛኛው ሰው ወደ አፑ ነው የሚሄደው።

በዚህ መንገድ ከፋኑ ቆጣሪ የተሻለ ምን ታገኛላችሁ? ማሰብ። ለምሳሌ እኔ ጥሩ የምለው ሕግ ይሄ ነው፦ መብራቱ ከበራ 3 ደቂቃ ካለፈ ፋኑ ይነሳ። እጁን ለመታጠብ የገባ ሰው ፋን አይቀሰቅስም። መብራቱ ሲጠፋ ፋኑ ሌላ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይቁም። መብራቱ መልሶ ከበራ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምር። አራት መስመር ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ፋኑ አያወራም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ፈታ አድርጋችሁ ስታዩ በብዙ ቤት የምታገኙት ሁለት ሽቦ ነው። አንዱ ፌዝ ነው፣ ሌላው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ነው። ኑትራል የለም። ኑትራሉ ቀጥታ ወደ አምፖሉ ነው የተሳበው። ሪሌይዋ ደግሞ ያለ ኑትራል አትነቃም። በሽቦው ቀለም አትመኑ። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የተገኘው ቀለም ነው የተሳበው። በቴስተር ይታይ። ኑትራል ከሌለ ሪሌይዋን ግድግዳው ውስጥ ከማስጨነቅ ከበሩ በላይ ወዳለችው ሳጥን ውሰዷት። እዚያ ሁሉም ሽቦ ይገናኛል፣ ቦታውም ሰፋ ይላል።

«ያለ ኑትራል ይሠራል» ተብሎ የሚሸጥ ስማርት ስዊች አለ። ለመብራት ብቻ ከሆነ ይቻላል። እሱ የሚኖረው በአምፖሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ስለሆነ ኤልኢዲ አምፖል ጠፍቶም ጭል ጭል ሊል ይችላል። ለፋን ግን አትግዙት። ለፋን ዲመርም (የብርሃን ማደብዘዣ) አትግዙ፣ ሞተሩ እያቃሰተ ይሞቃል።

ሱቅ ውስጥ የማይነገር ሌላ ነገርም አለ። ፋን ሞተር ነው። ሞተር ሲቆም የሪሌዩ ጥርስ መሃል ብልጭታ ይፈጥራል። ከጊዜ በኋላ ጥርሱ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ፋኑ አልቆምም ይላል። መድኃኒቱ ስናበር የምትባል ርካሽ ዕቃ ናት፣ ከፋኑ ጋር ጎን ለጎን ትታሰራለች። ፋኑ በቆመ ቁጥር አምፖሉ ብልጭ የሚል ከሆነ ወይም ሪሌይዋ ራሷን ሪስታርት የምታደርግ ከሆነም የመጀመሪያው መፍትሔ እሷ ናት።

ስለ ኤሌክትሪክ ክፍያ ለሚጨነቅ፦ 15 ዋት ፋን በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አስቂኙ ነገር፣ ሪሌይዋ 24 ሰዓት ነቅታ ለመጠበቅ 1 ዋት ግድም ከበላች በወር 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከፋኑ ትበልጣለች። ሁለቱም ተደምረው ከቦይለሩ አንጻር ምንም አይደሉም። ስማርት ያደረግሁት ለቁጠባ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ በሉለት።

በአፕ ብቻ የሚገናኙት

ገበያው ላይ በርካሽ የሚገኙት ብዙዎቹ ቱያ የተባለው ኩባንያ ዘር ናቸው። በስማርት ላይፍ አፕ ይሠራሉ። አንድ ስዊች ለመብራቱ፣ አንድ ለፋኑ ታስገቡና አፑ ላይ «ይሄ ሲበራ ያንን አብራ» ትላላችሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እውነት ለመናገር ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም።

ግን ሁለቱ ዋይፋይ ስዊቾች በአንድ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ስንዝር ተራርቀው ሳሉ፣ መልእክታቸው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው። ኢንተርኔት ከሌለ ማገናኛው የለም። እኛ አካባቢ ደግሞ ይሄ በሐሳብ ደረጃ ያለ ስጋት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደጠፋ ቆይቷል። በሲም ራውተር ዋይፋይ የሚጠቀም ቤት ያን ጊዜ ስዊቹን በእጁ ይጫን ነበር እንጂ ሕግ የሚባል ነገር አልነበረውም። ስለዚህ የምትገዙት ዕቃ ኢንተርኔት ሳይኖር ሕጉን መፈጸም ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ «ይችላል» ካለ ራውተሩ ላይ የኢንተርኔቱን ገመድ ወይም ሲሙን አውጥታችሁ ሞክሩት።

እርጥበት የሚለካ ሴንሰር

እዚህ ጋ ልቆይ፣ ለደጋው ጎጃም ሰው ጉዳዩ ይመለከተዋልና።

ሐሳቡ ንጹሕ ነው። ፋኑ መብራቱን አይጠይቅም፣ እንፋሎቱን ይጠይቃል። እርጥበት ሲጨምር ይነሳል፣ ሲቀንስ ይቆማል። መብራት ሳይበራ የሚመጣ እርጥበትም አለ። ክረምት ላይ ልብስ ታጥቦ ውጪ መስጣት ስለማይቻል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ጂንሱ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። መብራቱ ጠፍቷል፣ በሩ ተዘግቷል። ከመብራት ጋር የታሰረ ፋን ይህን በፍጹም አያውቅም። ሴንሰር ያውቃል።

ሴንሰሩ አብሮት የተሠራ ፋንም አለ። ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 በመቶ መሃል የምትሞሉት አንድ ቁጥር ነው ያለው። ችግሩም ቁጥሩ አንድ መሆኑ ነው። 70 ላይ ሞልታችሁታል እንበል። ጥር ላይ ባሕር ዳር በደንብ ይሠራል። ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ፣ ቤቱ በሙሉ ማንም ሳይታጠብበት ከ70 በላይ ሊሆን ይችላል። ፋኑ ይነሳል፣ አይቆምም። ቁጥሩን 85 ላይ ስታደርጉት ደግሞ በጋ ላይ ሰው ሻወር ቢወስድም ላይነሳ ይችላል። ይህን ፋን ገዝተው «ተበላሽቷል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፋናቸው ጤነኛ ነው፣ የተሰጠው ትእዛዝ ነው ለአየሩ የማይሆነው።

መፍትሔው ማወዳደር ነው። ሁለት ሴንሰር ይኑር፣ አንዱ መታጠቢያ ቤት አንዱ ኮሪደር ወይም መኝታ ቤት። መታጠቢያ ቤቱ ከኮሪደሩ በ10 ነጥብ ሲበልጥ ፋኑ ይነሳ። ልዩነቱ ከ5 ሲያንስ ይቁም። ሁለቱ ቁጥሮች መራራቃቸው ግድ ነው፣ አለዚያ ፋኑ በየደቂቃው ይነሳል ይቆማል። ከላይ ደግሞ ጣሪያ አብጁለት፦ ምንም ቢሆን ከ45 ደቂቃ በኋላ ይቁም። እንዲህ ሲሆን ክረምትም በጋም አንድ ሕግ ይበቃል፣ የምትነካኩት ነገር የለም።

ይህን ለመሥራት የቤት አንጎል ያስፈልጋል። በነፃ የሚገኘው ሆም አሲስታንት የተባለ ፕሮግራም ጥሩ ነው። ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ሁሉንም ቤት ውስጥ ነው የሚያስበው፣ ኢንተርኔት አይለምንም። ሴንሰሮቹን ዚግቢ (ያለ ዋይፋይ በራሱ ሬዲዮ የሚነጋገር ዓይነት) ብታደርጓቸው ይሻላል። ባትሪያቸው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ የራውተር የይለፍ ቃል ሲቀየርም አይረበሹም። ከሆም አሲስታንቱ ጋር የምትሰካ የዚግቢ መቀበያ ትፈልጋላችሁ፣ ያ ተጨማሪ ወጪ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ፋን ብቻ ይህን ሁሉ ማቆም የበሬ ዋጋ ለቅርጫ ሥጋ መክፈል ነው። ቤቱ ውስጥ የውሃ ፓምፕ፣ የበር መብራት፣ ቦይለር አብሮ የሚገባ ከሆነ ግን ያዋጣል።

ሴንሰሩ የት ይቀመጥ? ከሻወሩ በላይ አታድርጉት፣ ይሰክራል። ውሃ የማይረጨው ግድግዳ ላይ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ፣ ከበሩ ክፍተት ራቅ ብሎ ይሁን። ከበሩ ሥር የሚገባው ደረቅ አየር ከነካው ክፍሉ ደርቋል ብሎ ይዋሻል። ይዘገያልም፣ ሻወሩ ከተከፈተ በኋላ ፋኑ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ ነው ከመብራቱ ጋር የተሠራውን ሕግ ሙሉ በሙሉ የማልጥለው። ሁለቱም ያስነሱ፣ የማቆሙ ሥልጣን ለእርጥበቱ ብቻ ይሰጥ።

እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር

ለመብራቱ ሊያምር ይችላል፣ ለፋኑ ግን አያስፈልግም። ተራው የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሰውነት ሙቀት ነው የሚያየው፣ በመስታወትም በመጋረጃም አሻግሮ አያይም። ሳሙና ዓይናችሁ ውስጥ እንዳለ ጨለማ ይሆንባችኋል። በራዳር የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰውንም ያገኛል፣ ግን የሚዞረውን ፋንና የሚወዛወዘውን መጋረጃ ሰው ነው ሊል ይችላል። ከዚያ መብራቱ ፋኑን፣ ፋኑ መብራቱን እያስነሱ ይውላሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

መብራት ሲጠፋ ችግር የለም፣ አምፖሉም ፋኑም ሪሌይዋም አብረው ጠፍተዋል። ጣጣው ሲመለስ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ሲመጣ ሪሌይዋ በምን ሁኔታ ትንቃ? አብዛኛው ዕቃ ይህን የሚወስን ማስተካከያ አለው፣ ብዙ ሰው ግን አይነካውም። ፋኑን «ጠፍቶ ይንቃ» በሉት። መብራቱን «ማብሪያው እንዳለበት ሁኔታ ይንቃ» በሉት። «የነበረበት ይመለስ» የሚለው ጥሩ ይመስላል። ግን ፋኑ ሲዞር መብራት ሄዶ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሲመጣ፣ ቆጠራው ካልተመለሰ ፋኑ እስክትነቁ ይዞራል።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። ብዙ ሪሌዮች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፣ ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቁት። መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ካልመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም። «ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ፋን አይነሳ» የሚለው ሕጋችሁ ያኔ አይሠራም። «ለ15 ደቂቃ» የሚለው ግን ይሠራል፣ ለመቁጠር የግድግዳ ሰዓት አያስፈልግምና። ስለዚህ ዋናውን ሕግ በደቂቃ ሥሩ፣ በሰዓት የታሰረውን እንደ ጌጥ ቁጠሩት። ራስበሪ ፓይ ያላችሁ ደግሞ ሚሞሪ ካርዱ በድንገተኛ መጥፋት ሊበላሽ እንደሚችል እወቁ። በትንሽ ባትሪ ደግፉት፣ ወይም በካርዱ ፈንታ በኤስኤስዲ (ከካርድ የጠነከረ ማስቀመጫ) አስኬዱት።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሽንት ቤት ብቻ ከሆነ አንድ ማብሪያ ለሁለቱ። ተከራይ ከሆናችሁም እንዲሁ፣ የሰው ግድግዳ ውስጥ ገንዘባችሁን አትቅበሩ። ባሕር ዳር ሆናችሁ መታጠቢያ ቤቱ ሰፊ መስኮት ካለው ቆጣሪ ያለው ፋን ከበቂ በላይ ነው፣ ወደ ውጪ የሚከፈት ክዳን ያለውን ምረጡ፣ ሲቆም ካልተከደነ የወባ ትንኝ በር ነው። ፔንሲዮን ወይም ሆቴል ከሆነ ያለ ጥርጥር ቆጣሪ ያለው ፋን፣ ሃያ ክፍል ውስጥ ሃያ ዋይፋይ ሪሌይ መጠበቅ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። ደጋ ላይ ሆናችሁ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ካላችሁና ማስተካከል የሚወድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ባለ ሁለት ቻናል ሪሌይ ከሁለት ሴንሰር ጋር። ማስተካከል የሚወደው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ በኋላ ማን እንደሚነካው ግን አስቀድማችሁ አስቡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከሻወሩ 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚሰቀል ፋን ቢያንስ አይፒ ኤክስ4 (ውሃ ቢረጭበት የሚችል) የሚል ይኑረው። ከራሱ ከሻወሩ በላይ ከሆነ 12 ቮልት የሚሠራውን ዓይነት ፈልጉ። ሪሌይም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ውሃ ከሚረጭበት ይራቅ። 30 ሚሊ አምፒየር የሚለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር ለመታጠቢያ ቤቱ መስመር ይግባለት፣ ከሁሉም ስማርት ዕቃ በፊት ገንዘቡ ለእሱ ይውጣ።

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ ገና ልስን አልተመታም። ለኤሌክትሪሻኑ ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት። ወደ ፋኑ የሚሄደው ቱቦ ውስጥ ሦስት ሽቦና የመሬት (አርዝ) ሽቦ ይሳብ። በየማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ኑትራል ይውረድ። ሳጥኖቹ ጥልቅ የሆኑት ይሁኑ፣ ሪሌይ ከማብሪያው ጀርባ ሲገባ ሽቦው እንዳይጨፈለቅ። «ምን ያደርጋል ጋሼ፣ አይለመድም» ቢላችሁ የሽቦውን ሂሳብ እኔ እከፍላለሁ በሉት። ከዚያ ልሳኙ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱን ሳጥን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድም ወረቀት ላይ ጻፉና ብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፉት።